ያልነካሁት እግር

አባቴ ቡሬ ገበያ ውስጥ እህል ነጋዴ ነው። ጆንያ ሙሉ በቆሎ ሊገዛ ሲቀርብ ከላይ የሚታየውን አይመለከተውም። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ እጁን ወደ ጆንያው ይከታል፤ እታች ድረስ። ከሥር የዘገነውን አውጥቶ ያሸተዋል፣ በጥርሱ ይሰብረዋል፣ ስለ ዋጋ አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ እኔንም እንዲሁ አድርጊ እያለ ይወተውተኝ ነበር። እኔ ደግሞ አቧራው ጥፍሬ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር አልወድም። "ዛህራ፣ አንች ነጋዴ አይወጣሽም፤ ለእጅሽ ትሳሻለሽ" ይለኝና ይስቃል። እኔም አብሬው እየሳቅሁ አደግሁና ሐኪም ሆንኩ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ከተመረቅሁ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላኝ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ከተማ፣ አንድ አነስተኛ ሆስፒታል ውስጥ እሠራ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም። ሰዎቹ አሁንም እዚያው አካባቢ ይኖራሉ፤ ሐዘናቸውን አደባባይ ማውጣት አልፈልግም። ሁለት ሐኪሞች ነበርን፤ ባልደረባዬ ለዕረፍት እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ያን ሰሞን መንገዱ በጸጥታ ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ሥራው ላይ የቀረነው እኔና ጋሽ በላይ ነን። ጋሽ በላይ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምረው ነርስ የነበሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው።

እውነቱን ልናገርና፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ካርድ ላይ የምጽፈው የበሽተኛ ታሪክ ንጹሕ ነው፣ መድኃኒት በልኩ አዝዛለሁ፣ ፈተና ወድቄ አላውቅም። ጓንት ሳላጠልቅ ግን ሰው አልነካም። የመጋዘኑ ሠራተኛ "ይች ልጅ የወረዳውን ጓንት ብቻዋን ጨረሰችው" እያለ ያማኝ እንደነበር አውቃለሁ። ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ንጽሕናዬን ያመሰገነ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች በግቢው በር ገቡ። ስምንት ናቸው፤ አራቱ ሲደክማቸው አራቱ እየተቀበሉ ጎሕ ሳይቀድ ጀምረው የመጡ። ቃሬዛው ላይ እስከ አገጯ በጋቢ የተጠቀለለች ወጣት ሴት ተኝታለች። ራስጌዋ ላይ ማጭድ ተቀምጧል። አራስ ብረት ሳትይዝ ከቤት አትወጣምና ማጭዱን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ከኋላ እናቷ፣ ባሏና ሕፃኗን ያዘለች እህቷ ይከተላሉ።

"ምን ሆና ነው?" አልኩ።

"አራስ ናት ልጄ" አሉ እናትየው። እማማ አልጋነሽ ይባላሉ፤ ከቡሬ ወዲህ የሚኖሩ፣ ዘራቸው የአዊ አገው የሆነ ገበሬ ናቸው። "ሁለት ቀን ሁኗታል፣ የቀመሰችው አልረጋ አላት። ያስመልሳታል። ትላንት ደግሞ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለብን። ምች ነው ብለን የምች መድኃኒት አሸተትናት፤ እንቢ አለ።"

"ስንት ቀኗ ነው?"

"ሰባ ሁለት። ሴት ነው የወለደች። ለክርስትናው ስምንት ቀን ቀርቶን ነበር እኮ። ጠላው ተጠንስሷል።"

አራሷ ውዴ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ልጇም የመጀመሪያዋ ነች። እንደ ወጉ ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ እዚያው በአራስነት ቆይታለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። የእጇን የደም ሥር ስፈልገው እንደ ክር ቀጥኖ ይሮጣል። የደም ግፊቷ የላይኛው ሰባ ነው፤ የታችኛውን ጆሮዬ አልሰማውም።

ይህን ዓይነቱን ውድቀት እኛ ሐኪሞች ሾክ እንለዋለን። በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቅና አንጎል፣ ኩላሊትና ጉበት የሚደርሳቸው ደም ያንሳል ማለት ነው። በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ደም መፍሰስ፣ ተቅማጥና ትውከት ወይም ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው። ለእነዚህ መፍትሔው በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ነው፤ ቶሎ፣ ብዙ። አንድ ሌላ ዓይነት ግን አለ። ፈሳሹ አላነሰም፣ የሚገፋው ልብ ነው የደከመው። ለዚህኛው በሽተኛ ፈሳሽ ብትጨምርለት ታሰጥመዋለህ። ሁለቱን ለመለየት ከሚረዱት ነገሮች ቀላሉ እግርን መግለጥና መንካት ነው፤ አብጧል ወይ፣ ቀዝቅዟል ወይ። ይህን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

እጄን ወደ ጋቢው ጫፍ ሰደድሁ። እማማ አልጋነሽ መዳፋቸውን እጄ ላይ ጫኑብኝ።

"ኧረ ተይ ልጄ፣ እግሯን አትግለጭባት! አራስ እኮ ናት፤ ብርድ ይገባታል። ቅቤ ቀብቼ ነው የጠቀለልኳት።"

ጸጉሬ ላይ ሻሽ አለ፣ ስሜ ዛህራ ነው። የክርስቲያን አራስ ደንብ የማታውቅ፣ የማታከብር እንዳልባል ፈራሁ። የእኛም አራሶች እንዲሁ እንደሚሸፋፈኑ፣ ደንቡ የሁላችንም እንደሆነ እንኳ ያን ጊዜ አላሰብሁም። "እሺ እማማ" አልኩና እጄን መለስሁ። እሺ ያልኩበት ሌላ ምክንያትም አለኝ፤ እሱን ግን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

"ግሉኮስ ስቀይላት፤ እሱ ያነሣታል" አሉኝ። በእኛ ገጠር በቱቦ የሚንጠለጠል ሁሉ ግሉኮስ ነው፤ ግሉኮስ ያልተሰቀለለት ሰው እንደታከመ አይቆጠርም። እኔም በዚያው ላይ ነበርሁ። ትውከት አለ፣ ግፊት ወርዷል፣ ስለዚህ ፈሳሽ። ጋሽ በላይ መርፌውን አስገቡ። የመጀመሪያው ከረጢት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረደ። ግፊቷ ከሰባ ወደ ሰባ አምስት ወጣ። ደስ አለኝ፤ ሁለተኛውን ክፈቱት አልኩ።

ፈሳሹ ሲወርድ እማማ አልጋነሽ ትንሽ ተረጋጉና ማውራት ጀመሩ።

"ልትወልድ ስትመጣ ሸምበቆ ነበረች። እንዴት አድርጌ እንዳረስኳት ጎረቤት ይመስክር። ገንፎው በቅቤ፣ አጃው፣ ዶሮው አልተቋረጠባትም። ወሩን ሳትጨርስ ፊቷ ሞላ፣ እግሯ ሞላ፣ ቀለበቷ አልገባ አላት። 'አልጋነሽ፣ እንዴት ያለች አራስ አረስሽ!' ያላለኝ ሰው የለም።"

ፈገግ ብዬ ሰማኋቸው። እግሯ ሞላ፣ ቀለበቷ አልገባ አላት። ሁሉንም ሰምቻለሁ። እንደ ሰርግ ወሬ ነው የሰማሁት።

ሁለተኛው ከረጢት ግማሽ ሲሆን ውዴ ዓይኗን ገለጠች። እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። የአልጋውን ብረት ያዘችና ለመነሣት ታገለች።

"ሰጠምኩ" አለች። "አንሡኝ። ሰጠምኩ።"

ከአፏ ዳር አረፋ ወጣ፤ ቀይ ቀለም የነካው አረፋ። ጋሽ በላይ ከእኔ ቀድመው ከጀርባዋ ገብተው ቀጥ አድርገው አስቀመጧት። በማዳመጫው ሳንባዋን ስሰማ ከላይ እስከ ታች ይንቦቀቦቃል። ስልኬን አንሥቼ ሮጥሁ። ስልክ የሚይዘው የውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ባለው መስኮት በኩል ብቻ ነው። ፍኖተ ሰላም የማውቃቸው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነበሩ፤ ዶክተር ሙሉቀን ልበላቸው። ደወልሁላቸውና በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

ጨርሰው ካዳመጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"እግሯ ቀዝቃዛ ነው ሞቃት?"

የእማማ አልጋነሽ መዳፍ እጄ ላይ ሲያርፍ ታየኝ።

"ዛህራ፣ እግሯ?"

"አልነካሁም።"

"ሂጅና ንኪ። ስልኩን አልዘጋም።"

ስልኩን መስኮቱ ላይ ትቼ ወደ አልጋዋ ተመለስሁ። እማማ አልጋነሽን አላስፈቀድሁም። ጋቢውን ገለጥሁት። ጓንት አላጠለቅሁም፤ ትዝም አላለኝ። ቅቤው ረግቶ ነጭ ሆኗል። ሁለቱም እግሮቿ እስከ ጉልበቷ አብጠዋል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ቅዝቃዜው የወንዝ ዳር ድንጋይ ነው። አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ ተጫንሁ። ሳነሣው ጎድጉዶ ቀረ፤ አልተመለሰም። እማማ አልጋነሽ ያን ጉድጓድ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ።

ወደ መስኮቱ ሮጥሁ።

"ልቧ ነው" አሉኝ ዶክተር ሙሉቀን። "ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የልብ ድካም። ምን ያህል ፈሳሽ ሰጠሻት?"

"አንድ ሊትር ተኩል።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዝጊው። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ ኦክስጅን አድርጉላት። ልቧን የሚያበረታ አድሬናሊን አላችሁ?"

"አለን።"

"አራት አምፑል በአንድ ግማሽ ሊትር ከረጢት በጥብጪ። በደቂቃ አሥራ ሁለት ጠብታ፤ ከዚያ አይብለጥ፣ ከዚያ አይነስ። ግፊቷ ከፍ ሲል ውሃውን የሚያስወጣውን መርፌ ትሰጫታለሽ። የሚለካላችሁ ፓምፕ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያስ ቁጠሩ።"

"ዶክተር፣ ሌላ የሚደረግ የለም?"

"እዚህ ነው ወይስ ሌላ አገር?" አሉኝ። ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። "ሌላ አገር ቢሆን በብሽሽቷ የደም ሥር አስገብተው ልቧ ድረስ የሚልኩት ትንሽ መሣሪያ አለ። ልቧ ሲያርፍ እሱ ደሙን ይገፋላታል። ሲብስም ደሟን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ አየር ሰጥቶ፣ መልሶ የሚያስገባ ማሽን አለ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ያቆይዋታል። የሚያናድደው ምን መሰለሽ፣ የእንዲህ ያለች አራስ ልብ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበረታል። እስኪበረታ ድረስ ደግፎ የሚይዘው ካገኘ ነው።"

"እኛ ዘንድ የሚይዘው ማን ነው?"

"እናንተ ናችኋ" አሉና መንገድ ሲከፈት አምቡላንስ ለመላክ እንደሚጥሩ ነግረውኝ ዘጉ።

ዘወር ስል ባሏ ከኋላዬ ቆሟል። ደመላሽ ይባላል፤ ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር ሁሉን ሰምቷል።

"ያ መሣሪያ የት ነው ያለ ዶክተር?" አለኝ።

"ሩቅ ነው።"

"ፍኖተ ሰላም ነው?"

"አይደለም።"

"ባሕር ዳር ነዋ?"

"እዚያም አይመስለኝም።"

"አዲስ አበባ?"

"እንጃ ወንድሜ። እዚያም መኖሩን እንጃ።"

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ተሸካሚዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቃሬዛውን ግንዱ ላይ አስደግፈውታል። "ስምንት ሰው አለን" አለ። "ሌላ ስምንት አስጠራለሁ። መንገድ ቢዘጋ በእግር መንገድ እንሄዳለን። እርስዎ ብቻ የምናደርስበትን ይንገሩኝ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በቃሬዛ የሚደረስበት አገር እንዳልሆነ ነገርሁት። አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። ግን እጁን አጣጥፎ መቆም እንዳልቻለ አይቼ ሥራ ሰጠሁት። ጠብታ እንዲቆጥር።

ደመላሽ ልጅ ሳለ የቄስ ትምህርት ቤት ተምሯል። ኪርያላይሶን ሲባል አውራ ጣቱን በአራቱ ጣቶቹ አንጓ ላይ እያስኬደ መቁጠር ያውቃል። በአንድ ጣት ሦስት አንጓ፣ በአንድ እጅ አሥራ ሁለት። አንድ ጠብታ ስትወድቅ አንድ አንጓ፤ አሥራ ሁለቱ ሲሞላ ጋሽ በላይ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሰከንድ ቆጣሪው ዙሩን ካልጨረሰ ቱቦውን በትንሹ ያጠብቁታል፣ ካለፈ ያላሉታል። ውዴ ክንዷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ጠብታው ይዛባል፤ እንደገና። እኔም ተራዬ ሲደርስ በዚያው በጣቴ አንጓ ነው የቆጠርሁት፤ ከሶላት በኋላ የምቆጥረው በእሱ ነውና አውራ ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል።

እማማ አልጋነሽ አልጋው ግርጌ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ያሹታል። ለራሳቸው በአገውኛ አንድ ነገር ይላሉ። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም፤ አንዳንዴ ግን ስሟን ይጠራሉ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግፊቷ ሰማንያ አምስት ደረሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘጠና። ውሃ የሚያስወጣውን መርፌ ሰጠኋት። ጋሽ በላይ በቱቦ የገጠሙላት የሽንት ከረጢት እስከዚያ ባዶ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ሥሩ ላይ አንድ ጣት ያህል ፈሳሽ ታየ። ነገር የማያበዙት ጋሽ በላይ "ተመስገን! ሸናች!" ብለው ጮኹ። ደጅ ያሉት ስምንቱ ሰዎች ሰምተው ተነሡ። በሰው ሽንት እንደዚያ የተደሰተ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ባሏ መቁጠሩን ሳያቋርጥ እንባውን በትከሻው ጠረገ።

አመሻሹ ላይ ውዴ ልጇን ጠየቀች። እህቷ ሕፃኗን አምጥታ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ጡት ለማጥባት አቅም አልነበራትም፤ አፍንጫዋን በሕፃኗ ጸጉር ውስጥ ቀብራ አሸተተቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ለክርስትናዋ እደርስ ይሆን ዶክተር?"

"ትደርሻለሽ" አልኩ። ስምንት ቀን። በጣቴ አንጓ ለመቁጠር እንኳ አንድ እጅ አይሞላም።

ሌሊቱ በቆጠራ አለፈ። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተር ሙሉቀን ደወሉ። አምቡላንስ እንዲያልፍ ተፈቅዷል፣ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል አሉኝ። ለእናትየው ስነግራቸው እጄን ሳሙት። ተሸካሚዎቹ አልጋው አጠገብ ተሰልፈው እንዴት እንደሚያነሷት ይመክራሉ። ውዴም ነቅታለች፤ "ማጭዴን እንዳትረሱ" አለቻቸው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረቷን ያዘች። የደም ሥሯ ከጣቴ ሥር መጀመሪያ ተንደረደረ፣ ከዚያ ተደነቃቀፈ፣ ከዚያ ጠፋ። አንገቷ ላይ ፈለግሁት፤ የለም።

በጀርባዋ አስተኛናትና መዳፌን መዳፌ ላይ ደርቤ ደረቷን መግፋት ጀመርሁ። ያ ሩቅ አገር ያለው መሣሪያ ያለ ድምፅ የሚሠራውን ሥራ እኔ በክንዴ ልሠራ። ስገፋ አንገቷ ላይ ምት ይመጣል፤ ሳቆም ይጠፋል። ጋሽ በላይ ይቀበሉኛል፣ እቀበላቸዋለሁ። የአድሬናሊን መርፌ ሰጠን። ስንገፋ አለች፣ ስንተው የለችም። የአምቡላንሱ ጥሩምባ ከግቢው ውጭ ሲሰማ እኔ ገና እገፋ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ሲሆን ጋሽ በላይ ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ።

ክፍሉ ጸጥ ሲል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ደመላሽ ነው። ከቱቦው ሥር እንደተቀመጠ፣ ዓይኑን ከጠብታው ላይ ሳይነቅል፣ አውራ ጣቱ በአንጓዎቹ ላይ እየሄደ፣ "ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን" ይላል። አቁም ያለው ሰው አልነበረም። ጋሽ በላይ ቱቦውን ዘጉና እጁን በእጃቸው ሸፈኑት።

"በቃ ደመላሽ። በቃ የኔ ልጅ።"

ስምንቱ ሰዎች ባመጡበት ቃሬዛ መልሰው ሊወስዷት ሲያዘጋጇት እማማ አልጋነሽ ወደ እኔ መጡ። አላለቀሱም ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

"እውነቱን ንገሪኝ ልጄ" አሉኝ። "እግሯን አትግለጭ ያልኩሽ፣ እሱ ነው የገደላት?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም።

"የፈጣሪ ሥራ ነው እማማ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ቃሬዛውን ተከትለው ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በሽተኛ ሲመጣልኝ ከግርጌ ነው የምጀምረው። ግፊት ሳልለካ፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ እግሩን እገልጣለሁ፤ በባዶ እጄ እይዘዋለሁ። አሁን በምሠራበት ቦታ "እግር ነኪዋ" ይሉኛል። ይበሉኝ። እናንተም ቤታችሁ አራስ ካለች አንድ ነገር አድርጉልኝ። ፊቷና እግሯ ሲሞላ "አማረባት" ከማለታችሁ በፊት ጋቢውን ገልጣችሁ በአውራ ጣታችሁ ቅልጥሟን ተጫኑት። ጎድጉዶ ከቀረ፣ ተኝታ ትንፋሽ ካጠራት፣ ሌሊት ተነሥታ ሳትቀመጥ አየር ካላገኘች፣ ክርስትናውን አትጠብቁ። ብርድ አይገባትም፤ እኔ እምላለሁ። የገንፎ ውፍረት ባይመስለኝ ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

ያ መሣሪያም ትዝ ይለኛል። ቢኖረን ትድን ነበር ወይ? ምናልባት። እኔ ያን አንድ ሊትር ተኩል ባልሰጣትስ ትድን ነበር ወይ? ዶክተር ሙሉቀንን ጠይቄአቸዋለሁ። "ማንም አያውቅም" አሉኝ። ይህን ያሉኝ ሊያጽናኑኝ ነበር፤ እኔን ግን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ይኸው ቃል ነው።

ለአርባዋ ተዝካር ሄድሁ። ከቡሬ በባጃጅ እስከሚያስኬደው፣ ከዚያ በእግሬ። አባቴ "የት ነው?" ሲለኝ ነገሩን ሁሉ ነገርሁትና አብሬሽ ልሂድ አለኝ፤ እንቢ አልኩት። ቀሳውስቱ ጸሎት ጨርሰው ሰው በዳሱ ሥር ሲበላ እማማ አልጋነሽን ጓሮ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ቁጭ በይ አሉኝ፤ አልተቀመጥሁም።

"እማማ፣ ያን ቀን የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም" አልኩ። "አትግለጭ ስላሉኝ አይደለም እግሯን ያልነካሁ። ሐኪም ነኝ፤ አትግለጭ ቢሉኝም መግለጥ ነበረብኝ። እርስዎ ሲከለክሉኝ ደስ ነው ያለኝ። ቅቤ የተቀባ እግር መንካት እጸየፍ ነበር። ምክንያት ሆኑልኝ። ፈሳሹንም የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እሱ ጎድቷታል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው።"

መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙኝ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ነው።

"ለምን ያን ለት አልነገርሽኝም?" አሉ። "አርባ ቀን እኮ ነው! አርባ ቀን ሙሉ ልጄን ገደልሁ ብዬ ብቻዬን ስሸከመው ከረምኩ። ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ በልቤ 'ገዳይዋ እኔ ነኝ፣ ምን ያጽናናኛል' እል ነበር። አንድ ቃል እኮ ነው። አንድ ቃል ነፈግሽኝ።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ አነሰብኝ።

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ሂጂልኝ ማለታቸው መስሎኝ ሻንጣዬን አነሣሁ። ግን ሕፃኗን ታቅፈው ተመለሱ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች፤ አንገቷ ላይ ማተቧ አለ። ቁጭ በይ ብለው ደገሙልኝ፤ ስቀመጥ ጭኔ ላይ አኖሯት፣ የተጠቀለለችበትንም ጨርቅ ራሳቸው ፈቱት። ሁለት ትናንሽ እግሮች ነፋስ ላይ ወጡ።

"ንኪ" አሉኝ።

በሁለት እጄ ያዝኋቸው።

"እህ?"

"ሞቃት ነው እማማ።"

አጠገቤ ቁጭ አሉ። እንባቸው ያን ጊዜ ነው የመጣው።

"ደግመሽ ንኪ" አሉኝ።

ደግሜ ነካሁ።